የኖቲንግሃሙ ሐኪም

እስቲ ጠጋ በሉና አድምጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ የገጠር ሐኪም ታሪክ ነው። ሰውየው በ24 ዓመቱ የመድኃኒት ሣጥኑን ዘግቶ ጠመንጃ አነሳ፤ ከዚያ ወዲያ ሐኪምነት መተዳደሪያው አልሆነም። ሻምበል ሆነ፣ ኮሎኔል ሆነ፣ የሕዝብ እንደራሴ ሆነ፣ የጦር ሚኒስትር ሆነ። በስተርጅናው ደግሞ ታላቅ ጦር ይዞ ዘመተና አልቀናውም። ስሙ ሄንሪ ዲርቦርን ይባላል። አገሩ አሜሪካ ነው፤ ሲወለድ ግን አሜሪካ ገና ራሷን አልቻለችም፣ የእንግሊዝ ንጉሥ ግዛት ነበረች። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በእነሱው አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

በ1751 በኒው ሃምፕሸር፣ ኖርዝ ሃምፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። ሕክምና የተማረው እንደ ዛሬው በዩኒቨርሲቲ አይደለም። የጊዜው ደንብ እንደ እደ ጥበብ ነው፤ ልጁ ከአዋቂው ቤት ይገባል፣ መድኃኒት ይወቅጣል፣ በሽተኛ ያስይዛል፣ ደም ሲቀዳ ሳህን ይዞ ይቆማል። የሄንሪ አስተማሪ በፖርትስማውዝ ከተማ የታወቀው ሆል ጃክሰን ነበር። ጃክሰን ቀላል ሰው አልነበረም፤ ለፈንጣጣ መከላከያ ያስከትብ የነበረ፣ በኋላም ዲጂታሊስ የተባለውን የልብ መድኃኒት በአሜሪካ ቀድመው ከሞከሩት አንዱ የሆነ ሐኪም ነው።

በ1772 ሄንሪ በኖቲንግሃም መንደር፣ አደባባዩ አጠገብ ሥራ ጀመረ። ዕድሜው 21፣ ትዳር የያዘው በቅርቡ። በኖቲንግሃም ሐኪም መሆን ማለት በፈረስ ከጎጆ ወደ ጎጆ መሄድ ነው። ክፍያው አንዳንዴ ብር፣ አንዳንዴ እህል። ማን ምን እንደሚያመው፣ የማን ልጅ ደካማ፣ የማን ብርቱ እንደሆነ ሁሉን ያውቃል። ይህን አስቡልኝ፣ ምክንያቱም የመንደሩ ጎልማሶች ለጦርነት ልምምድ ሲሰባሰቡ አለቃ አድርገው የመረጡት ይህንኑ ሐኪም ነው። ገላቸውን ያውቃላ!

ኤፕሪል 19 ቀን 1775 በሌክሲንግተንና በኮንኮርድ የንጉሡ ወታደሮችና ገበሬዎች ተታኮሱ። ወሬው ኖቲንግሃም እንደ ደረሰ ዲርቦርን 60 ያህል ሰው አሰልፎ ተነሳ። ካምብሪጅ ከዚያ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አንድ ቀን ሳይሞላቸው በእግራቸው ገቡ። ከዚያም ሻምበል ተብሎ በኮሎኔል ጆን ስታርክ ክፍለ ጦር ሥር ተመደበ።

ጁን 17 ቀን የበንከር ሂል ጦርነት ሆነ። ወደ ኮረብታው ለመድረስ አንዲት ጠባብ የየብስ አንገት መሻገር ግድ ነው፤ እሷን ደግሞ ከባሕር የቆሙ የእንግሊዝ መርከቦች በመድፍ ያርሷታል። ሻምበሉ ከኮሎኔሉ ጎን እየሄደ፣ «ጌታዬ፣ ቶሎ ቶሎ ብንራመድ አይሻልም?» አለው። ስታርክ እርምጃውን ሳይለውጥ፣ ያልደከመ አንድ ሰው ከደከሙ አሥር ሰዎች ይበልጣል የሚል መልስ ሰጠው፤ በዚያው በዝግታው ተሻገሩ።

ስንቃቸውንም ስሙ። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ ቡና ሲኒ ባለች ስፍር አንድ ስፍር ባሩድ፣ 15 ጥይትና አንድ ባልጩት፤ ያ ነው። ጠመንጃው ሁሉ ከየቤቱ የመጣ ስለሆነ አፈሙዙ ልክ ለልክ አይደለም፤ ጥይቱን እየቀጠቀጡ ማሳነስ ነበረባቸው። ከእንጨት አጥር ኋላ፣ አጥሩን በታጨደ ሣር ጠቅጥቀው ጠበቁ። እንግሊዞች መጡ፣ ተመለሱ። ደግመው መጡ፣ ተመለሱ። በሦስተኛው ባሩድ አለቀ፤ ኮረብታው ተለቀቀ። የእንግሊዝ ሙትና ቁስለኛ ግን ከ1,000 በላይ ነበር።

አሁን ወደ ኩቤክ ልውሰዳችሁ። በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ ከዚህ ጉዞ የበለጠ ልቤን የሚይዘው የለም፣ ስለዚህ አልቸኩልም።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ኮሎኔል ቤኔዲክት አርኖልድ 1,100 ያህል ሰው ይዞ በሜይን ጫካ በኩል ኩቤክን ሊወጋ ተነሳ። ዲርቦርን ከሻምበሎቹ አንዱ ነው። ትልቅ ጥቁር ውሻውንም አስከትሏል። በኬኔቤክ ወንዝ ሽቅብ በታንኳ ጀመሩ። ታንኳዎቹ በጥድፊያ ካልደረቀ ሳንቃ የተሠሩ ናቸውና ውኃ ያስገባሉ። ዱቄቱ ሻገተ፣ ሥጋው ተበላሸ። ፏፏቴ ሲያጋጥም ታንኳውንም ስንቁንም በትከሻ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ነው። ካርታው መንገዱን በግማሽ አሳንሶ ነበር፤ 290 ኪሎ ሜትር ያሉት መንገድ ከ560 በላይ ሆነ። በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ ከባድ ዝናብ ወርዶ ዴድ ሪቨር የሚባለው ወንዝ ሞላ፤ የቀረውንም ስንቅ ጠረገው። ሌተናንት ኮሎኔል ሮጀር ኢኖስ በሥሩ ያለውን ክፍል ይዞ ወደ ኋላ ተመለሰ።

የቀጠሉት ተራቡ። ረሃብ ስላችሁ አንድ ቀን ጦም ማደር አይደለም። የጥይት ከረጢት ቆዳ ቀቅለው በሉ፤ የጫማ ቆዳ በሉ፤ የከንፈር ቅባትና የመላጫ ሳሙና ሳይቀር በሉ። የሻምበሉን ውሻም አረዱት። ያ ውሻ በሠራዊቱ ሁሉ የተወደደ ነበር። አንጀቱን እንኳ አላስቀሩም፤ አጥንቱን ሰብስበው ለሌላ ቀን ሾርባ ወቀጡት። ዲርቦርን ይህን በቀን ማስታወሻው ሲጽፍ አልተቆጣም፣ አላለቀሰም። የተራበ ሰው ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሐኪም አጻጻፍ ነው።

ኋላም እሱው ታመመ። ሾዲየር ወንዝ ዳር፣ ከካናዳ ገበሬዎች ጎጆ በአንዱ ውስጥ ንዳድ ይዞት ተኛ። ለቀናት አእምሮውን ሳተ። ሐኪሙን የሚያክም ሐኪም አልነበረም። ሠራዊቱ ትቶት ሄደ፤ መሄድ ነበረበትና። አንድ ወር ገደማ ካለፈ በኋላ፣ በዲሴምበር፣ ሞተ ብለው የነበሩት ጓዶቹ ዘንድ ከስቶ ደረሰ። ከካምብሪጅ ከወጡት ኩቤክ አጠገብ የደረሱት ከ600 ብዙም አይበልጡም።

የጥቃቱ ሌሊት ዲሴምበር 31 ነው። በረዶ ይጥላል፣ ነፋሱ ዓይን አያስገልጥም። የዲርቦርን ሻምበል ጦር ከሴንት ቻርልስ ወንዝ ማዶ ሰፍሮ ነበርና ሙላቱ መልእክተኛውን አዘገየው፤ ትእዛዙ ሲደርሰው ጦርነቱ ተጀምሯል። ሲሮጥ አርኖልድን እግሩን ቆስሎ ወደ ኋላ ሲወሰድ አገኘው። ከተማዋን በሌላው በኩል ያጠቃ የነበረው ጄኔራል ሪቻርድ ሞንትጎመሪ ወድቋል፤ ይህን ግን ዲርቦርን ገና አላወቀም። በበረዶው መንገድ ጠፋበት። ከአጥር ኋላ አንድ ሰው ብቅ አለና ማን እንደሆነ ጠየቀው። «ወዳጅ ነኝ» አለ። የማን ወዳጅ? «የነፃነት ወዳጅ!» ሰውየው ተሳድቦ ከአጥሩ በላይ ቀና ሲል ዲርቦርን ቃታ ሳበ። ጠመንጃው አልተኮሰም። ባሩድ ቀይሮ ደገመ፤ አሁንም እምቢ። ከሰዎቹ ከአሥሩ የአንዱም ጠመንጃ አልሠራም፣ ሁሉም በበረዶ ርሷል። ተከበቡ፤ እጃቸውን ሰጡ። በሜይ 1776፣ በምርኮኛ ልውውጥ እስኪለቀቅ ድረስ መሣሪያ ላያነሳ ቃሉን ሰጥቶ ከእስር ወጣ። ልውውጡ የተፈጸመው በማርች 1777 ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ፈጠን አድርጌ ልለፈው። በ1777 መኸር በሳራቶጋ ከዳንኤል ሞርጋን አልሞ ተኳሾች ጎን ቀላል እግረኛ መርቶ የእንግሊዙ ጄኔራል በርጎይን እጁን ሲሰጥ በቦታው ነበር። በቫሊ ፎርጅ ከረመ። በ1778 በሞንማውዝ ተዋጋ፤ በዚያው ዓመት ሚስቱ ሜሪ ሞተች። በ1781 በዮርክታውን ሲከብቡ የክፍለ ጦሩ የቀድሞ አዛዥና ወዳጁ አሌክሳንደር ስካሜል ቆስሎ ሞተ። ዲርቦርን ከሁለተኛ ሚስቱ ከዶርካስ በ1783 የወለደውን ልጅ ሄንሪ አሌክሳንደር ስካሜል ብሎ ሰየመው።

አንዱን ዓመት ግን ዘልዬዋለሁ፤ እሱን መዝለል አይገባኝም። በ1779 ጄኔራል ጆን ሱሊቫን ኢሮኳ የተባሉትን ነባር ሕዝቦች አገር እንዲያጠፋ ተላከ። አብዛኞቹ የኢሮኳ ነገዶች ከእንግሊዝ ጋር ቆመው ነበር፤ የድንበር መንደሮችም በእነሱ ጦር ተቃጥለዋል። መልሱ ግን ጦርን በጦር አልነበረም። ሠራዊቱ 40 የሚያህሉ መንደሮችን አቃጠለ፣ ለመከር የደረሰ በቆሎ አጨደና አነደደ፣ የፍሬ ዛፎችን ቆረጠ። ዲርቦርን ራሱ 200 ሰው ይዞ በካዩጋ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያሉትን መንደሮች እንዲያጠፋ ታዘዘ፤ አጠፋም። ቀጥሎ የመጣው ክረምት በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የሚታወስ ብርቱ ነበር። 5,000 ያህል ስደተኞች ናያጋራ ምሽግ ሥር ተጠለሉ፤ ብዙዎቹ በብርድ፣ በረሃብና በበሽታ አለቁ።

ልብ በሉልኝ። ይህ ሰው ከአራት ዓመት በፊት በሾዲየር ዳር ረሃብ ምን እንደሆነ ያየ ነው። የበቆሎ ማሳ ሲያነድም ምን እንደሚከተል ያውቃል። ትእዛዝ ነው ማለት ይቻላል፤ ጦርነት ነው ማለት ይቻላል። እኔ ግን ሐኪም የነበረ ሰው ይህን አድርጎ በማስታወሻው የማሳውን ስፋትና የአፈሩን ልምላሜ ሲጽፍ ሳስብ ልቤ ይሰበራል።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ኖቲንግሃም አልተመለሰም። ኬኔቤክ ወንዝ ዳር፣ ያኔ በታንኳ በወጣበት አገር መሬት ይዞ ተቀመጠ። እዚያ ያለች አንዲት ከተማ በተዋጋበት ጦር ሜዳ ስም ሞንማውዝ ተብላለች። የሚሊሺያ ጄኔራል ሆነ፣ የሜይን ማርሻል ሆነ፣ ከ1793 እስከ 1797 የኮንግረስ አባል ሆነ። በምክር ቤት ታላቅ ተናጋሪ አልነበረም። ከቶማስ ጀፈርሰን ወገን ቆመ፤ ጀፈርሰን በ1801 ፕሬዚዳንት ሲሆን የጦር ሚኒስትር አደረገው። በዚያ ወንበር ስምንት ዓመት ተቀመጠ።

ያ ወንበር ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ጦሩ ትንሽ ነው፤ ጀፈርሰን ትልቅ ጦር አይወድም። በ1802 ሠራዊቱ ሲቀነስ በዚያው ሕግ የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተመሠረተ። በ1803 ሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ዛሬ ቺካጎ ባለችበት፣ ምሽግ ተሠርቶ በስሙ ፎርት ዲርቦርን ተባለ። አሳሾቹ ሉዊስና ክላርክ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ስንቅና መሣሪያቸው በእሱ መሥሪያ ቤት አለፈ፤ እነሱም አንድ ወንዝ በስሙ ጠሩለት።

የዚያ መሥሪያ ቤት ሌላው ሥራ ግን የነባሮቹ ሕዝቦች ጉዳይ ነበር። መንግሥት በየድንበሩ የንግድ ቤት ይከፍታል፤ የነገድ አለቆች በዱቤ ይገዛሉ፤ ዱቤው ሲከብድ መሬት ይጠየቃሉ። ይህ ሐሜት አይደለም፤ ጀፈርሰን በፌብሩዋሪ 1803 ለገዢው ለዊሊያም ሄንሪ ሃሪሰን በጻፈው ደብዳቤ ላይ በግልጽ ሰፍሯል። ጉዳዩን በሥራ የሚያውለው ሚኒስትሩ ነው። በ1805 ከክሪክ፣ በ1806 ከቼሮኪ ሕዝብ ጋር ዋሽንግተን ላይ የተፈረሙትን ውሎች የፈረመው ዲርቦርን ራሱ ነበር። በቼሮኪው ውል ደብልሄድ ለተባለው አለቃ የተለየ መሬት ተጠበቀለት፤ በተከታዩ ዓመት ወገኖቹ አገር ሸጠሃል ብለው ገደሉት።

በኖቲንግሃም የእያንዳንዱን ጎረቤት ትኩሳት በእጁ ይለካ የነበረ ሰው፣ አሁን ፊታቸውን የማያያቸውን ሰዎች ዕድል በብዕር ይወስናል። ስለዚህ ሰው የማምነው ይህን ነው፦ ዓይኑ የሚደርስበት ድረስ ታማኝ፣ ደፋር፣ አስተዋይ ነበር። ከዓይኑ የራቀው ግን አልታየውም። በጦርነትም የሆነው ይኸው ነው።

በ1812 አሜሪካ እንደገና ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ገጠመች። ዲርቦርን 61 ዓመቱ ነው፣ ሰውነቱ ከብዷል፣ ሕመምም አያጣውም። ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰን ከጄኔራሎቹ ሁሉ በላይ ሾመው። ወታደሮቹ በጓሮ «አያቴ» ይሉት ነበር፤ በሴት አንቀጽ ነው ታዲያ። ከካናዳው ገዢ ከጆርጅ ፕሬቮስት የተላከ ሰው እርቅ ሊመጣ ነው ሲለው በኦገስት 9 ጊዜያዊ ተኩስ አቁም ተስማማ። በምዕራብ ዲትሮይት ያለው ጄኔራል ዊሊያም ሃል ግን በስምምነቱ አልገባም። ኦገስት 15 የፎርት ዲርቦርን ሰዎች ምሽጉን ለቀው ሲወጡ የፖታዋቶሚ ተዋጊዎች ጠብቀው መቷቸው፤ ከ50 በላይ ሞቱ፣ ምሽጉም ተቃጠለ። በማግስቱ ሃል ዲትሮይትን ከሙሉ ጦሩ ጋር አስረከበ። ማዲሰንም ተኩስ አቁሙን አልተቀበለውም።

በኖቬምበር ዲርቦርን ወደ ሞንትሪያል ተንቀሳቀሰ። ድንበር ላይ ሚሊሺያው ወደ ውጭ አገር አንሻገርም አለ፤ የተሻገሩትም በጨለማ እርስ በርስ ተታኮሱ። ተመለሰ። በኤፕሪል 27 ቀን 1813 የዛሬዋን ቶሮንቶ፣ ያኔ ዮርክ የምትባለውን ከተማ ያዘ። ያዘ ስል ጦሩ ያዘ ማለቴ ነው፤ እሱ መርከብ ላይ ነበር። በግንባር የመራው ጄኔራል ዜቡሎን ፓይክ የባሩድ መጋዘን ሲፈነዳ በድንጋይ ተመትቶ ሞተ። የምክር ቤቱ ሕንጻዎች ተቃጠሉ። እንግሊዞች በተከታዩ ዓመት ዋሽንግተንን ሲያቃጥሉ ይህን አልረሱም።

በሜይ ፎርት ጆርጅ ተያዘ፤ ዲርቦርን ታሞ ነበር። በጁን ስቶኒ ክሪክ ላይ ሁለት ጄኔራሎቹ በሌሊት ተማረኩ፤ ቢቨር ዳምስ ላይ ደግሞ አንድ ሙሉ ክፍል እጁን ሰጠ። በጁላይ 6 ከአዛዥነቱ የሚያነሳው ደብዳቤ ተጻፈ። የሚገርመው፣ በሥሩ የነበሩ መኮንኖች እንዳይሄድባቸው በጽሑፍ ለመኑት። ስለ ጦር አመራሩ አይደለም የሚመስለኝ፤ ሰውየውን ስለሚወዱት ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረገው ነገር ግን ለእኔ ከሽንፈቱ ሁሉ ይከፋል። በ1814 ሃል ዲትሮይትን በማስረከቡ አልባኒ ላይ ለጦር ፍርድ ቤት ቀረበ። የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ማን ሆነ? ዲርቦርን። የሃል ዋና አቤቱታ በምሥራቅ ያለው ጦር ዝም በማለቱ ጠላት በእኔ ላይ በረታ የሚል ነው፤ በምሥራቅ የነበረው አዛዥ ደግሞ ዳኛው ነው። ሃል የሳራቶጋና የሞንማውዝ አርበኛ ነበር፣ በአንድ ዘመን አንድ ጭቃ የረገጡ ሰዎች ናቸው። ዲርቦርን ይህን ዳኝነት አልችልም ብሎ መነሳት ነበረበት። አልተነሳም። ሃል በፈሪነትና ግዴታውን ባለመወጣት ሞት ተፈረደበት። ማዲሰን የድሮ ውለታውን አይቶ ሞቱን ማረው። ሃል እስኪሞት ድረስ ስሙን ለማደስ ሲጽፍ ኖረ።

በ1817 ዲርቦርን ለማሳቹሴትስ ገዢነት ተወዳደረ። ተቃዋሚው ጆን ብሩክስ ነበር፤ እሱም ሐኪም፣ እሱም መንደሩን አሰልፎ የዘመተ፣ እሱም በሳራቶጋ የጠላትን ምሽግ የሰበረ። ሕዝቡ ብሩክስን መረጠ።

በተከታዩ ዓመት ዲርቦርን በፊላዴልፊያ በሚታተም መጽሔት ላይ የበንከር ሂልን ጦርነት ጻፈ። የባሩዱን ስፍር፣ የጥይቱን መቀጥቀጥ፣ የስታርክን መልስ የምናውቀው ከዚህ ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህም ውለታው አለብን። ነገር ግን በዚያው ጽሑፍ ጄኔራል እስራኤል ፑትናምን ከሰሰ፦ እኛ ስንዋጋ ከኋላ ኮረብታ ላይ ሆኖ አልረዳንም አለ። ፑትናም ከሞተ 28 ዓመቱ ነው፤ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ልጁ ዳንኤል ተቆጥቶ ጻፈ። ፖለቲከኛው ዳንኤል ዌብስተርም ለፑትናም ወግኖ ገባበት። የተረፉ ሽማግሌዎች እየተፈለጉ በመሐላ መሰከሩ፤ አንዱ አየሁት አለ፣ አንዱ አላየሁትም። እኔ ፑትናም ፈሪ ነበር ብዬ አላምንም። ዲርቦርን የቆመው ከአጥሩ ኋላ ነው፣ ከፊቱ ያለውን ጭስ ነው ያየው፤ ከጀርባው ኮረብታ ላይ ሰውየው ምን ሲታገል እንደዋለ ከዚያ ሆኖ ማየት አይችልም ነበር።

ፕሬዚዳንት ጄምስ ሞንሮ በ1822 ወደ ፖርቱጋል ላከው፤ ሁለት ዓመት በሊዝበን አገልግሎ ተመለሰ። ጁን 6 ቀን 1829 በሮክስበሪ በ78 ዓመቱ ሞተ። የእሱ ወገኖችና የፑትናም ወገኖች ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት መጻጻፋቸውን አላቆሙም።